ብድግ ያላለው ሰው

አንድ ልብስ ሰፊ ነበር፣ ወገኖቼ። በአንዲት የወሎ ከተማ፣ ገበያው ዳር፣ በረንዳ ላይ አርባ ዓመት የሰፋ ሰው። የስፌት መኪናውን በእግሩ እየረገጠ ከደንበኛው ጋር ወሬውን ይሰልቅ ነበር። እግሩን አንድ ቀን "ርገጥ" ብሎት ያውቃል? አያውቅም። እናንተስ ዛሬ ወደዚህ ስትመጡ "አሁን ቀኝ፣ አሁን ግራ" እያላችሁ ነው የመጣችሁ?

ስድሳ ዓመት ሲሞላው ግን ገላው ለገመበት። መጀመሪያ ቀኝ እጁ ተንቀጠቀጠ። ቀጥሎ እርምጃው አጠረ። ፊቱም ደረቀ፤ ልቡ እየሳቀ ፊቱ አይስቅም። የስንቱን ሸሚዝ ቁልፍ የተከለ ሰው የራሱን ለመቆለፍ ግማሽ ሰዓት ይፈጅበት ጀመር። ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን እያየ፣ ቀኑ ገና ሳይጀመር ይደክመዋል። "እርጅና ነው" አለና እጁን ኪሱ ከተተ። ለማንም አልተናገረም።

ይመር ይባላል። አባታቸው ሲሞት የስድስት ዓመት ልጅ ነበር፤ ያሳደጉት ታላቅ ወንድሙ ጋሽ ገዙ ናቸው። ያቺን የስፌት መኪና የገዙለትም እሳቸው ናቸው፣ በሬያቸውን ሸጠው።

አንድ ቀን ጎረቤት ሞቶ ድንኳን ተጥሏል። ይመር ከለቀስተኛው መሀል አግዳሚ ላይ ተቀምጧል። ጋሽ ገዙ ገቡ። ድንኳኑ ሙሉ "ኖር!" ብሎ ብድግ አለ። ይመርም ሊነሳ አሰበ። "ተነስ" አለው እግሩን። እግሩ ዝም። "ተነስ እንጂ፣ ወንድምህ እኮ ናቸው!" እግሩ ከመሬቱ ጋር እንደተሰፋ ቀረ። ላቡ በጀርባው ወረደ፤ ፊቱ ላይ ግን ምንም አይነበብም።

ጋሽ ገዙ አዩ። ሰውም አየ። ያሳደገውን ወንድሙን ቁጭ ብሎ የሚቀበል ሰው በእኛ አገር ምን ይባላል? እናንተው ታውቁታላችሁ።

"ጠገበ" አሉ ጋሽ ገዙ። ከዚያ ቀን ወዲያ ደጁን አልረገጡም።

አንድ ዓመት ከሁለት ወር! ይመር ስንት ጠዋት ጋቢውን ደርቦ "ልሂድና እግራቸው ላይ ልውደቅ" አለ? ስንት ጠዋት? በሩ ደፍ ላይ ሲደርስ እግሩ ይተከላል። ሚስቱ ስንዱ "ምን ነካህ?" ትለዋለች። "ደክሞኛል" ይላታል፣ ተመልሶም ይቀመጣል። ሰው ይህን ሰምቶ "ኩራቱ ነው" አለ። እሱ ግን እውነቱን ነበር፣ ወገኖቼ። ደክሞት ነበር።

በመጨረሻ ስንዱ እየደገፈች ሆስፒታል ወሰደችው። ሐኪሟ አስነሳችው፣ አስራመደችው፣ ጣቶቹን አስቆጠረችው።

"አባቴ፣ ፓርኪንሰን የሚባል ሕመም ነው" አለችው። "አእምሮዎ ማሰቡን ያስባል። ሐሳቡን ወደ እንቅስቃሴ የሚያስጀምረው ክፍል ነው የተዳከመው፤ ዶፓሚን የሚባል ንጥረ ነገር አንሶታል። ሌላው ሰው ሳያስብ የሚያደርገውን እርስዎ እያንዳንዱን አስበው ነው የሚያደርጉት። ታዲያ እንዴት አይደክምዎ?"

ይመር አለቀሰ። ደክሞኛል ሲል የሚያምነው ሰው ሲያገኝ የመጀመሪያው ነበር።

መድኃኒት ጻፈችለት። ስንዱንም "እግራቸው ሲተከል አይጎትቷቸው፤ ከፊታቸው መሬት ላይ መስመር ያስምሩላቸው፣ የሚሻገሩት ነገር ሲያዩ ይነሳላቸዋል" አለቻት።

ሽማግሌዎች የሕመሙን ነገር ሳይሰሙ ገቡና ዕርቁ በጋሽ ገዙ ቤት ሆነ። "ተነስና የወንድምህን ጉልበት ሳም" አሉት። ይመር የአግዳሚውን ጠርዝ ይዞ በመከራ ቆመ። ከዚያ ተተከለ። እንደ ድንኳኑ ቀን!

"አያችሁልኝ?" አሉ ጋሽ ገዙ። "ዛሬም በሽማግሌ ፊት!"

ስንዱ ከአንዱ ሽማግሌ እጅ ዘንጉን ተቀብላ ከባሏ እግር ፊት መሬት ላይ አጋደመችው። "ይቺን ብቻ ተሻገር" አለችው። ተሻገረ። ሁለት እርምጃ ሄዶ ደግሞ ቆመ። ዘንጉን አንስታ ደግማ አጋደመችለት። ደግሞ ተሻገረ። ከአግዳሚው እስከ ጋሽ ገዙ ወንበር ድረስ አራት ጊዜ ጎንበስ ብላ አጋደመች፣ አራት ጊዜ ተሻገረ። እንዲያ እየተንቀጠቀጠ ደርሶ ጉልበታቸው ላይ ወደቀ።

ጋሽ ገዙ በሁለት እጃቸው ራሱን ያዙት።

"አንተ፣ ለምን አልነገርከኝም?"

"ልነግርዎ እኮ በእግሬ መምጣት ነበረብኝ፣ ጋሼ።"

ወገኖቼ፣ ጋሽ ገዙ በሰባ ሦስት ዓመታቸው ገበያ የሚወርዱት በእግራቸው ነበር። የይመር ቤት ደግሞ መንገዳቸው ላይ ነው። ዓመት ከሁለት ወር ሙሉ በየሳምንቱ በዚያ በር አልፈዋል። እስቲ ንገሩኝ፣ ከሁለቱ እግሩ የታመመው ማን ነበር?

በይመር አልፈርድም። በጋሽ ገዙም ለመፍረድ አፍ የለኝም፤ እኔ የምሰብካችሁ ሰው ሦስት ዓመት ሙሉ ያላንኳኳሁት አንድ በር አለኝ። በፊቱ ሳልፍ ወደ ማዶ አያለሁ። እግሬ ጤነኛ ነው።

እናንተስ? "እሱ ይምጣ፣ ታናሽ እሱ ነው" ያላችሁት የለም? "አይታኝ እንዳላየች አለፈች" ያላችኋትስ? ፊቷ ደርቆባት እንደሆነ ጠየቃችሁ? ቤቷ ደፍ ላይ ተተክላ እያለቀሰች እንደሆነስ?

የይመር ሕመም ስም ወጥቶለታል። መድኃኒቱ ባይፈውሰውም ያግዘዋል፣ ሰዓቱን ጠብቆ ይውጣል። የእኛን ግን የትኛው ሐኪም ያየዋል? አእምሯችን ሲያዘው እግራችን ይታዘዛል፤ እኛ አላዘዝነውም እንጂ።

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ቤታችሁ ከመግባታችሁ በፊት አንድ በር አንኳኩ። "ደክሞናል" ትሉኛላችሁ። አውቃለሁ፣ ደክሟችኋል። እኔንም ደክሞኛል። ደክሟችሁም ቢሆን ሂዱ።