የቪቶሚር መዶሻ

በአንድ ወቅት በሰርቦች አገር ብርቱው ንጉሥ ሞተና ልጁ ዙፋኑ ላይ በወጉ ሳይደላደል፣ መኳንንቱ ተነስተው የየራሳቸውን መሐለቅ መቀጥቀጥ ጀመሩ። በመሐለቃቸው ውስጥ ከብሩ መዳቡ ይበዛል። የተማረረው ሕዝብ የወጣቱን ንጉሥ መሐለቅም ጭምር አልነካም አለ።

ይህ ነገር ከማንም በላይ አንጀቱን ያሳረረው ሽማግሌው ቪቶሚር ነበር። በአንዲት የብር ማዕድን ከተማ አርባ ዓመት የንጉሡን መሐለቅ ሲመታ የኖረ ሰው ነው። እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሮ መዶሻውን ከልጆቹ ለአንዱ ሊያወርስ ሲያስብ፣ ጨው ነጋዴው ማሪን ከባሕር ዳርቻ መጣ። የከተማውን ሰዎች መሐለቅ ነክሶ አየና፣ የሚታመን ገንዘብ ካላመጡለት ጨውን እንደጫነ በነጋታው እንደሚመለስ ነገራቸው። ያለ ጨው ደግሞ ለበረዶው ወራት የታረደው ሥጋ መበስበሱ ነው። ቪቶሚር ልጆቹን ሰብስቦ የቻላችሁትን አድርጉ አላቸው።

መኳንንቱ ወደ ማዕድኑ ጉድጓድ የሚወስደውን መንገድ ስለዘጉት ከማዕድኑ ብር መምጣቱ ቀርቷል። ታላቁ ልጅ ግርዳን የሟች እናቱን የብር ቀበቶ አምጥቶ እቶን ውስጥ ጨመረው። ለእጮኛው ጥሎሽ ያስቀመጠው ነበር፤ ያለ ቀበቶ ወላጆቿ ልጃቸውን እንደማይሰጡት ያውቃል። ቪቶሚር ቀበቶው ሲቀልጥ ሚስቱን ሁለተኛ የቀበረ መሰለው።

ዴሳ የምትባለው ሴት ልጁ ማኅተም ቀራጭ ናት። በአገሩ ልማድ ንጉሥ ሲሞት ፊቱን የሚያትመው ብረት በቀብሩ ዕለት ይሰበራል። እሷ ግን ያን ዕለት ሌላ ብረት ሰብራ እውነተኛውን ደብቃው ኖሯል። አሁን አወጣችው።

«እጅሽን እኮ ያስቆርጥሻል» አላት አባቷ።

«የሚታመነው የሟቹ ፊት ብቻ ነው፣ አባባ» አለችው።

ቪቶሚር ፈራ፤ ቢሆንም አልከለከላትም። የቀበቶውን ብር በሟቹ ንጉሥ ፊት አትመው በነጋታው ለማሪን አቀረቡለት።

ማሪን ግን ብልጥ ነው። ንጉሡ ሞቷል፣ መሐለቁ ምነው አዲስ ሆነ ብሎ ጠረጠረ። ይኼኔ ታናሹ ቦይኮ መቀስ አቀበለውና ቀኝ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

«የወደድኸውን መሐለቅ መርጠህ ቁረጥ። መዳብ ካገኘህ ቀጥለህ እጄን ቁረጥ።»

ቦይኮ ብሩ ሲቀልጥ አላየም፤ ንጹሕ ብር ነው ያለውን ወንድሙን ግርዳንን አምኖ ነው። ማሪን ሦስት መሐለቅ ቆረጠ። ሦስቱም እስከ ውስጣቸው ነጭ ነበሩ። ጨውም ከበቅሎዎቹ ላይ ወረደ፤ ከተማው በደስታ አበደ።

ወሬው ወጣቱ ንጉሥ ዘንድ ደርሶ በአካል መጣ። የአባቱ ፊት ያለበትን መሐለቅ እያገላበጠ አየና ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ብሩ እንዲህ ንጹሕ ሆኖ ከቆየ የእኔንም ፊት የሚያምኑበት ቀን ይመጣል» አለ። ዴሳንም ማራት። ከዚያ ወደ ቪቶሚር ዞረ። «መዶሻው ግን አንድ ነው፤ ዛሬውኑ ወራሽህን ምረጥ።»

ቪቶሚር መዶሻውን እንደያዘ ልጆቹን ተራ በተራ አየ። አንዱ ሰርጉን ሰጠ፣ አንዷ ሕግ ጣሰች፣ አንዱ በወንድሙ ቃል እጁን አስያዘ። ደስታውና ጭንቁ ተቀላቀለበት። እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ መዶሻው የሚገባው ለማን ነው?