ሴይቼንቶዋ እንጦጦን የወጣች ዕለት

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «ብረት ጆሮ አለው፤ ቀስ ብለህ አናግረው» ይለኝ ነበር። እሱም እኔም ጋራዥ ውስጥ ነው ያረጀነው። ብረት አፍ አውጥቶ ሲመልስልኝ የሰማሁት ግን ዘንድሮ ነው፤ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው።

ነገሩ የተነሳው ከአንዲት ትንሽ ምኞት ነው። ባለቤቴ ደብሪቱ ለኅዳር ጽዮን እንጦጦ ማርያም መሄድ አማራት። አሮጌ ሴይቼንቶ መኪና አለችን፤ ክብ፣ ሰማያዊ፣ ሞተሯ ከኋላ። ሜዳ ላይ እንደ ጥንቸል ናት። ከሽሮ ሜዳ በላይ ያለውን ዳገት ስታይ ግን ትንፋሿ ቁርጥ ይላል። በየዓመቱ ደብሪቱ ከግማሽ መንገድ እየወረደች በእግሯ ትወጣው ነበር። ዘንድሮ ጉልበቷ አልታዘዝ አላት።

«ታክሲ እንያዝ» አልኳት።

«የምን ታክሲ! አንተ ታመህ የተኛህ ጊዜ ምን ብዬ ተሳልኩ? “እመቤቴ፣ ይሄን ሰው አስነሺልኝ፤ በገዛ መኪናችን እሱው እየነዳ ደጅሽ ያደርሰኛል፤ ታቦትሽ ሲወጣ አብረን ቆመን እናያለን” አልኩ። እሷ የበኩሏን አደረገች። የቀረው ያንተ ነው።»

ከዳገቱ ሥር ሄጄ ቆምኩ።

«ዳገት ሆይ፣ ደብሪቱን አሳልፋት።»

ዳገቱም፣ «አላሳልፍም። መኪናህ ደረቴ ላይ ስትደርስ ትተኛለች። መጀመሪያ እሷን አናግር» አለኝ።

ወደ ሴይቼንቶዋ ሄድኩ። «ሴይቼንቶ ሆይ፣ ዳገቱን ውጪልኝ። ዳገቱ ደብሪቱን አላሳልፍም አለ።»

«አልወጣም። ጠልቼ አይደለም፤ ልቤ ትንሽ ነው። ትልቅ ልብ ስጠኝ።»

ወደ ሞተሩ ሄድኩ። ከተገጨች መኪና የወጣ ሞተር ጋራዡ ጥግ ተቀምጧል፤ የሴይቼንቶዋ ታላቅ እህት ልትባል ከምትችል መኪና። «ሞተር ሆይ፣ ሴይቼንቶዋን ግፋልኝ። ሴይቼንቶዋ ዳገቱን አልወጣም አለች፤ ዳገቱ ደብሪቱን አላሳልፍም አለ።»

ሞተሩ ሳቀብኝ። «አልገፋም። እኔ እዚያች ቁምሳጥን ውስጥ? ትከሻዬን የት ላድርገው? ላሜራዋ ቦታ ይልቀቅልኝ።»

ወደ ኋላዋ ላሜራ ሄድኩ። «ላሜራ ሆይ፣ ለሞተሩ ቦታ ልቀቅ። ሞተሩ ሴይቼንቶዋን አልገፋም አለ፤ ሴይቼንቶዋ ዳገቱን አልወጣም አለች፤ ዳገቱ ደብሪቱን አላሳልፍም አለ።»

«አልለቅም! አንተ ሰውዬ፣ ከፋብሪካ እንደወጣሁ ያለሁትን እኔን በዚህ በዶለዶመ መቀስህ ልታኝከኝ ነው? ስለት ያለው መቀስ ይምጣ።»

ወደ መቀሱ ሄድኩ። «መቀስ ሆይ፣ ላሜራውን ቁረጥ። ላሜራው ለሞተሩ ቦታ አልለቅም አለ፤ ሞተሩ ሴይቼንቶዋን አልገፋም አለ፤ ሴይቼንቶዋ ዳገቱን አልወጣም አለች፤ ዳገቱ ደብሪቱን አላሳልፍም አለ።»

መቀሱ፣ «አልቆርጥም። ጥርሴ አልቋል። ሞረድ ይሳለኝ» አለ።

ደህና ሞረድ በሰፈራችን አንድ ነው፤ እሱም እትዬ ትርፌ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ባላቸው ጋሽ ጓንጉል በያጅ ነበሩ፤ ሞረዱ የእሳቸው ነው። ወደ ሞረዱ ሄድኩ። «ሞረድ ሆይ፣ መቀሱን ሳል። መቀሱ ላሜራውን አልቆርጥም አለ፤ ላሜራው ለሞተሩ ቦታ አልለቅም አለ፤ ሞተሩ ሴይቼንቶዋን አልገፋም አለ፤ ሴይቼንቶዋ ዳገቱን አልወጣም አለች፤ ዳገቱ ደብሪቱን አላሳልፍም አለ።»

«ያለ ባለቤቴ ፈቃድ ከግድግዳ አልወርድም» አለኝ ሞረዱ።

እትዬ ትርፌ ከጓዳ ብቅ አሉ። «ከማን ጋር ነው የምታወራው አንተ?»

«ከሞረዱ ጋር።»

«ጤና የለህም? እሱን ተወው። ጓንጉል ካረፈ ወዲህ ለሰው አላዋስኩትም። የእጁ ላብ እኮ እጀታው ላይ አለ።»

«እትዬ ትርፌ፣» አልኩ፣ «ሞረዱ መቀሱን አልስልም አለ፤ መቀሱ ላሜራውን አልቆርጥም አለ፤ ላሜራው ለሞተሩ ቦታ አልለቅም አለ፤ ሞተሩ ሴይቼንቶዋን አልገፋም አለ፤ ሴይቼንቶዋ ዳገቱን አልወጣም አለች፤ ዳገቱ ደብሪቱን አላሳልፍም አለ። ስእለት አለባት።»

ቀና ብለው ሞረዱን አዩና፣ «ደብሪቱ ከፊት ነው የምትቀመጠው?» አሉኝ።

«አዎ።»

«ከኋላስ?»

«ባዶ ነው።»

«ባዶ ነው! ባዶ ነው ይለኛል እንዴ! እኔ እዚህ ከቀብሩ ወዲህ እንጦጦ ናፍቆኝ ተቀምጬ፣ አንተ ሞረድ ትለምናለህ? ሰው አትለምንም?»

«ይሄዳሉ እንዴ እትዬ?»

«ነጠላዬን አጥቤ እጠብቅሃለሁ።»

ያን ጊዜ እትዬ ትርፌ ሞረዱን አወረዱ፤ ሞረዱ መቀሱን ሳለ፤ መቀሱ ላሜራውን ቆረጠ፤ ላሜራው ለሞተሩ ቦታ ለቀቀ፤ ሞተሩ ገባ። የኋላ ክዳኗ ግን አልዘጋ ስላለኝ በብረት ደግፌ ክፍቱን ተውኩት። ድምፅ የሚያፍነውን ማርሚታ ለመግጠምም ጊዜ አላገኘሁም፤ የመጨረሻውን ብሎን ሳጠብቅ የበዓሉ ቀን ረፍዷል፤ ሰው ነጭ ለብሶ ሽቅብ እየጎረፈ ነው።

ደብሪቱ ከፊት ገባች፤ እትዬ ትርፌ ከኋላ። አማትቤ ቁልፉን አዞርኩ።

ምን ብዬ ልንገራችሁ? ዕድሜዬን ሙሉ ሞተር አስነስቻለሁ። እንዲህ ያለ ድምፅ ግን ከዚያች ትንሽ ገላ ይወጣል ብዬ አላሰብኩም። መሬቱ በእግሬ ሥር ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። ጎረቤቱ ሁሉ ደጅ ወጣ። እኔ የገጠምኩት ብሎንና ሽቦ ነው፤ ይሄ ግርማ ከየት መጣ?

ሞተሩ ሴይቼንቶዋን ገፋ፤ ሴይቼንቶዋ ዳገቱን ወጣች! ሁልጊዜ የምትቆምበትን ጠመዝማዛ እንደ ሜዳ አለፈችው። አውቶቡስ ቀደመች። ባሕር ዛፉ ግራና ቀኝ ይሸሻል።

«ቀስ በል ሰውዬ!» አለች ደብሪቱ።

«ተዪው ይንዳ!» አሉ እትዬ ትርፌ ከኋላ። «እመ ብርሃን! እመ ብርሃን!»

ዳገቱን፣ «እህሳ?» አልኩት። ዳገቱ ደብሪቱን አሳለፋት። ዓይኔ እንባ ሞልቶ መንገዱን በግድ ነው ያየሁት።

ከቤተ ክርስቲያኑ በር ደርሰን ሞተሩን አጠፋሁ። ጸጥታ ሆነ። ከበሮ የለም፤ እልልታ የለም። ደብሪቱ ፊቷ ጠቆረ። «ታቦቱ ወጥቶ ገብቷል» አለች። «ደርሰን ቀረን።» መሪውን እንደያዝኩ አንገቴን ደፋሁ።

ያኔ አይቼው የማላውቅ፣ ጋቢ የለበሰ የበር ጠባቂ እየሮጠ መጣ። ሰማዩን አየ፤ የመኪናዋን የተከፈተ ኋላ አየ፤ እኔን አየና እንዲህ አለኝ፦

«አባባ፣ ነጎድጓዱ የእርስዎ ነው እንዴ? በኅዳር ምን ጉድ መጣ ብለን፣ ዝናብ እንዳይመታው ታቦቱን ከውስጥ አቆየነው እኮ፤ ግቡ ግቡ፣ አሁን ይወጣል!»