በበርሜሉ ውስጥ ያልተሰማው ድምፅ

አንድ የወይን ጠጅ ነጋዴ በአንዲት የወደብ ከተማ ይኖር ነበር። ስሙ ባንትይርጉ ይባላል። ሌሎች ነጋዴዎች መርከብ እስኪመጣ ወደቡ ላይ ሲጠብቁ፣ እሱ ባሕሩን ተሻግሮ ወይን ወደሚበቅልበት ተራራማ አገር ይሄዳል። እዚያም ስማቸው በተከበረ ጠማቂዎች ቤት ገብቶ፣ ወይን ጠጁ ገና ጉሽ ሳለ፣ ሳይጠራና ሳይጫን ቀምሶ ይገዛዋል። በበርሜሉ ላይ ስሙን በጠመኔ ይጽፍና ይመለሳል። ከሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም ከሰባት ዓመት በኋላ ወይን ጠጁ ሲደርስ በመርከብ ይላክለታል። ዛሬ የሚኮመጥጠው ነገ ምን እንደሚሆን ምላሱ ያውቅ ነበርና፣ አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም።

ይህ ልማዱ ግን ቀስ በቀስ ከገበያው ወደ ቤቱ ገባ። ሚስቱ አስካለ በዓል በመጣ ቁጥር ከጓዳው አንድ ጥሩ ወይን ጠጅ ከፍተው አብረው እንዲቀመጡ ትለምነው ነበር። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ቢቆይ ይሻላል ይላታል። ልጁ ምንታምር ስትወለድ ባሕር ማዶ ነበር። ክርስትና ስትነሳም ባሕር ማዶ ነበር። አስካለ መለመኑን መቼ እንዳቆመች እንኳ ልብ አላለም።

ምንታምር አሥራ ሁለት ዓመት በሞላት ዓመት፣ ባንትይርጉ ከጠማቂዎች ሁሉ ወደሚበልጡት ወደ እማማ ሸዋረገድ ቤት ሄደ። እማማ ሸዋረገድ ወይን ጠጃቸውን የሚያስቀምጡት ከአለት በተፈለፈለ ዋሻ ውስጥ ነበር። እዚያ ደርሰው የተመለሱ ነጋዴዎች ስለ ቦታው ብዙ አያወሩም። ምንም ሳይገዙ የተመለሱም አሉ፤ ለምን እንደሆነ ሲጠየቁ ወሬ ይለውጣሉ። ባንትይርጉ ግን ይህን ሙያ የሌላቸው ሰዎች ሰበብ አድርጎ ቆጠረው።

አሮጊቷ ረፋድ ላይ ተቀበሉት። ፊቱን ለረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ ጫማውን አውልቆ እንዲከተላቸው ነገሩት። የዋሻው ወለል ቀዝቃዛ ነው። በርሜሎቹ በግራና በቀኝ ተደርድረው ብርሃን ወደማይደርስበት ይዘልቃሉ። ባንትይርጉ ዝንብ የሌለበት የወይን ጠጅ ቤት አይቶ አያውቅም፤ እዚህ ግን አንዲት ዝንብ የለችም። የሚሰማው የራሱ ትንፋሽ ብቻ ነበር። በአንዳንዶቹ በርሜሎች ላይ የተጻፉትን ስሞች አወቃቸው። ከእነዚህ ስሞች ሁለቱ ራሱ ቆሞ የቀበራቸው ሰዎች ስም ነበር።

እማማ ሸዋረገድ ከሰባት ዓመት በኋላ ከሚደርሰው በርሜል ቀድተው አቀመሱት። እንዲህ ያለ ነገር በምላሱ ላይ አርፎ አያውቅም። ወዲያው ጠመኔውን አነሳ። አሮጊቷ ግን እጁን ያዙት።

«ምላስህ ሥራውን ጨርሷል» አሉት። «አሁን ደግሞ በጆሮህ ስማው። እዚህ ቤት ሳይሰማ የገዛ የለም።»

ባንትይርጉ የሚፈላውን ወይን ጠጅ ድምፅ የሚሰማ መስሎት ጆሮውን አስጠጋ። በመጀመሪያ የሰማው በእርግጥ እሱኑ ነበር፤ ከሩቅ እንደሚመጣ ዝናብ ያለ ድምፅ። ከዚያ ድምፁ ጠራ። እልልታና ጭብጨባ፣ የብዙ ሰው እግር፣ የብርጭቆ መጋጨት ሆነ። በመካከሉ የምንታምርን ሳቅ ለየው፤ ሳቁ ግን የትልቅ ሴት ነው። የአስካለንም ድምፅ ሰማ፤ ትንሽ ሻክሯል። ያን ጊዜ ገባው። የሚሰማው ይህ ወይን ጠጅ ተከፍቶ የሚጠጣበትን ቀን ነው፤ የልጁን ሠርግ።

ደስ አለው። የራሱን ድምፅ፣ የአባት ምርቃቱን ለመስማት ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ጠበቀ። የመጣው ግን የማያውቀው ሽማግሌ ድምፅ ነበር። «አባቷ ቢኖር ኖሮ» አለ ድምፁ፣ «ዛሬ የሚመርቃት እሱ ነበር።» ሰዎቹም አሜን አሉ።

ባንትይርጉ ጆሮውን ነቅሎ ቆመ። የበርሜሉ እንጨት ደረቅ ነበር፤ ጆሮው ግን ረጥቦ ቀዝቅዟል።

ከሦስት ዓመት በኋላ ወደሚደርሰው በርሜል ሄደ። እዚያ ፋሲካ ነው። ጎረቤቶች እንኳን አደረሳችሁ እያሉ ይገባሉ፣ ይወጣሉ። አንዲት ሴት ባለቤትሽስ ብላ አስካለን ስትጠይቃት ሰማ። አስካለ «ብዪ እንጂ» አለቻት። ሴትዮዋም ቢኖር ኖሮ ቤቱ ይደምቅ ነበር ብላ ወሬውን ለወጠች። ከዚያ በኋላ የሚሰማው የሁለት ሰው የአበላል ድምፅ ብቻ ነው።

ከበርሜል ወደ በርሜል እየሮጠ ዞረ። በየትኛውም ውስጥ የለም። በመጨረሻ፣ በሩ አጠገብ ባለች፣ የዘንድሮ ጉሽ በተሞላባት ትንሽ በርሜል ላይ ጆሮውን ደገፈ። እዚህ ድምፁን አገኘው። የተናገረውም አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ቢቆይ ይሻላል» አለ ከበርሜሉ ውስጥ ያለው የራሱ ድምፅ፤ ወዲያው በር ሲዘጋ ተሰማ።

ባንትይርጉ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። እማማ ሸዋረገድም አጠገቡ ቆሙ።

«እማማ፣ የምሞተው መቼ ነው?» አላቸው።

«እኔ ጠማቂ ነኝ ልጄ፤ የሰው ዕድሜ አላውቅም።»

«ቢኖር ኖሮ ሲሉ ሰማኋቸው እኮ።»

«በርሜሉ የሚያውቀው ማዕዱ ላይ ማን እንደተቀመጠ ብቻ ነው» አሉት አሮጊቷ። «ያን ቀን መቃብር ውስጥ ልትሆን ትችላለህ። በእኔ ዋሻ ውስጥ ሌላ በርሜል እየቀመስክም ሊሆን ይችላል። እዚያ ለተቀመጡት ግን ቃሉ አንድ ነው። ለሞተውም ላልመጣውም ቢኖር ኖሮ ነው የሚሉት።»

ባንትይርጉ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ እንዲነግሩት ለመናቸው። እንደማያውቁ ማሉለት። ስማቸው እዚህ ከተጻፈ ሰዎች ብዙዎቹ ድምፃቸው የጠፋው በሕይወት ሳሉ እንደነበረም ነገሩት።

በሰባት ዓመቱ በርሜል ላይ ስሙን አልጻፈም፤ የምንታምርን ስም ጻፈበት። ከዚያ ማንም ገዢ ጠይቆት የማያውቀውን ያን ትንሽ የጉሽ በርሜል እንዲሸጡለት ጠየቀ። አሮጊቷ እንደሚኮመጥጥ አስጠነቀቁት። እሱ ግን ለመርከበኞች አደራ ሳይሰጥ ራሱ ተሸክሞት ተሳፈረ።

ቤቱ የደረሰው ከሚጠበቅበት ጊዜ አንድ ወር ቀድሞ፣ እኩለ ቀን ላይ ነበር። አስካለና ምንታምር ምሳ ላይ ነበሩ። ምንታምር ስታየው ብድግ ብላ፣ እንግዳ ሰላም በሚባልበት አኳኋን ጎንበስ ብላ ሰላም አለችው። ገበታው ዙሪያ ሦስት ወንበሮች አሉ። በሦስተኛው፣ በእሱ ወንበር ላይ የጥጥ ቅርጫት፣ የታጠፈ ልብስና የሚደርቅ በርበሬ የያዘ ሰፌድ ተደራርቦበታል። አስካለ ደንግጣ ሁሉንም በክንዷ ሰብስባ አነሳች። ከዚያ ግን ዕቃውን እንደታቀፈች ቆመች። ግራና ቀኝ አየች። ለዓመታት ሌላ ቦታ ኖሮት ስለማያውቅ የት እንደምታስቀምጠው ጠፋት።

ባንትይርጉ ይህን ሲያይ ከዋሻው የበለጠ ፈራ። በርሜሎቹ የነገሩት ሊመጣ ስላለ ቀን ነው። ይህ ግን ዛሬ ነው።

ዕቃውን ከእጇ ተቀብሎ መሬት ላይ አኖረው። ያመጣውን በርሜል ከፍቶ ቀዳላት። አስካለ ፉት ስትል ዓይኗ ተጨፈነ።

«ይሄ እኮ ገና አልደረሰም» አለችው።

«እኔ ደርሻለሁ» አላት። «እንደሆነው እንጠጣው።»

ምንታምር ብርጭቆውን አሽትታ ፊቷን አጨማደደች፤ እናቷም ሳቀች። ባንትይርጉ የሚስቱን ሳቅ ከሰማ ስንት ዓመት እንደሆነው ለማስታወስ ሞከረ፤ አልቻለም።

ከዚያ በኋላ ባሕሩን አልተሻገረም። ምርጥ ምርጡን ወይን ጠጅ ሌሎች ነጋዴዎች እየቀደሙ ወሰዱበት፤ ተናደደ፣ ቆጨውም፣ ግን አልሄደም። በአምስተኛው ዓመት ክረምት ታመመና ሚስቱና ልጁ አጠገቡ ተቀምጠው ሳሉ በአልጋው ላይ ሞተ። ታሪኩን የሰሙ ሰዎች በርሜሎቹ እውነታቸውን ነበር አሉ። አስካለ ግን አልተቀበለቻቸውም። «የሰባት ዓመቱ በርሜል ምናልባት እውነቱን ነው፤ የሦስት ዓመቱ ግን ተሳስቷል፤ በዚያ ዓመት ፋሲካ ባንትይርጉ ከጎኔ ተቀምጦ ድምፁ እስኪዘጋ ሲያወራ ነበር የዋለው» አለቻቸው።

የምንሞትበትን ቀን የሚመርጥልን ሌላ ነው። ሳንሞት የምንጎድልባቸውን ቀኖች ግን የምንመርጠው እኛው ነን። ለነገ መልካሙን ማሰብ ክፉ አይደለም፤ ክፋቱ ነገ የሚደርሰውን ስንጠብቅ ዛሬ የደረሱትን ሰዎች ማጣታችን ነው። እስቲ ይህን ያነበብን ሁሉ ራሳችንን እንጠይቅ፦ በሕይወት እያለን፣ በስንት ቤት ውስጥ «ቢኖር ኖሮ» እየተባለልን ይሆን?