ጎማው ካልቆመ ትርንጎ አትወርድም

ተረት ተረት ስላችሁ የመኪና በረት በሉኝ፤ ላሟ ዛሬ የለችበትም።

ወይራ አምባ በምትባል ዳገታማ ከተማ ትርንጎ የምትባል ልጅ ነበረች። ድምፅዋ ትንሽ ነው። መምህሩ ስሟን ሲጠሩ "አቤት" የምትለው ለራሷ ብቻ ስለሆነ፣ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብላ ዓመቱን ሙሉ ቀሪ ስትባል ከርማለች። ዛሬ ግን መቅረት የለም። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ነው። የትምህርት ቤቱ በር ልክ በሁለት ሰዓት ተኩል ይዘጋል፤ ከተዘጋ አይከፈትም። ፈተናው ካመለጣት ስምንተኛን ትደግማለች፣ ያውም ከታናሽ ወንድሟ ጋር አንድ ዴስክ ላይ። ወንድሟ ደግሞ ከወዲሁ "በመስኮቱ በኩል የምቀመጠው እኔ ነኝ" ብሏታል።

እንዳይረፍድባት ብለው ጎረቤቷ ጋሽ ጥጋቡ በመኪናቸው ይዘዋት ወጡ። የጋሽ ጥጋቡ መኪና በቤንዚንም በባትሪም የምትሄድ ሃይብሪድ ናት። ትርንጎን በስድስት ዓመት ትበልጣታለች። የእጅ ፍሬኗ ገመድ ድሮ ተበጥሶ ልብስ ማስጫ ሆኗል። ማርሿ ወደ ፊት ብቻ ነው የሚያውቀው። ሞተሯ የሚጠፋበት ቁልፍ ክረምት ላይ ወድቆ በቦታው የካፖርት ቁልፍ ተለጥፎበታል። የኋላ በሯ የሚከፈተው ከውጭ ነው፣ እሱም ስትቆም ብቻ። ጋሽ ጥጋቡ ግን "ሁለት ልብ ያላት መኪና ናት" ይላሉ እንጂ ክፉ አይናገሯትም።

ትምህርት ቤቱ ያለው አደባባዩ ዳር ነው። አደባባዩ ግማሹ ቁልቁለት፣ ግማሹ ዳገት ነው። በሩ ጋ ሲደርሱ ትርንጎ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር። መውረድ።

"ወራጅ አለ" አለች ከኋላ ወንበር ቀስ ብላ።

ጋሽ ጥጋቡ አልሰሟትም። ግን ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ በመስታወቱ አይተው ፍሬን ረገጡ። ፍሬኑ ሊጥ እንደረገጡ ሁሉ ስምጥ አለ።

"ምነው?" አሉት ጋሽ ጥጋቡ።

"አልይዝም" አለ ፍሬን። "ሃያ ዓመት ሙሉ ስይዝ ኖሬ ሸራዬ አለቀ። ከእንግዲህ ድንጋይ ይያዝላችሁ።"

መኪናዋ በሩን አልፋ አደባባዩን መዞር ጀመረች። ቁልቁለቱ ላይ ባትሪዋን ትሞላለች፤ የሞላችውን ዳገቱ ላይ ትበላዋለች። ስለዚህ አትፈጥንም፣ አትቆምም። ሰው ሮጥ ሮጥ ሲል የሚሄደውን ያህል ትሄዳለች። የበሩ ዘበኛ አቶ ዳኜ ሰዓታቸውን አዩና በሩን አንድ ስንዝር ገፋ አደረጉት።

አደባባዩ ዳር፣ ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ፣ አንድ ድቡልቡል ድንጋይ ነበር።

"ድንጋይ፣ ድንጋይ፣ ና ከጎማዬ ሥር ግባ" አሉ ጋሽ ጥጋቡ አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው። "ፍሬን አልይዝም አለ። ጎማው ካልቆመ ትርንጎ አትወርድም።"

"እማማ ሽታዬ ተቀምጠውብኛል" አለ ድንጋይ። "እሳቸው ካልተነሱ አልመጣም።"

እማማ ሽታዬ ግብጦ ሻጭ ናቸው። ግብጧቸውን በሳህን ከፊታቸው ዘርግተው ድንጋዩ ላይ ተደላድለዋል።

"እማማ ሽታዬ፣ ይነሱልን" አሉ ጋሽ ጥጋቡ። "እማማ ሽታዬ ካልተነሱ ድንጋዩ አይመጣም፤ ድንጋዩ ካልመጣ ጎማው አይቆምም፤ ጎማው ካልቆመ ትርንጎ አትወርድም።"

"ትርንጎ የማን ልጅ ናት?" አሉ እማማ ሽታዬ።

ጋሽ ጥጋቡ ግን አልፈው ሄደዋል። መልሱን የሰጡት ዞረው ሲመጡ ነው።

"የወይዘሮ አገሬ ልጅ።"

"ያቺ ዝምተኛዋ?"

"እሷው ናት።"

"ውይ የኔ እናት። መነሳቱንስ እነሳ ነበር" አሉ እማማ ሽታዬ። "ግን ያንን አህያ አያችሁት? ዓይኑን ከግብጦዬ ላይ አልነቀለም። ዞር ባልኩ ቁጥር ሳህኑን ይልሰዋል። አህያው ካልሄደ አልነሳም።"

አቶ ዳኜ በሩን ሌላ ስንዝር ገፋ አደረጉት።

አህያው የማን እንደሆነ አይታወቅም። ሁለት ጄሪካን ውሃ ተጭኖ መንገዱ ዳር ተገትሯል።

"አህያ፣ አህያ፣ ሂድልን" አሉ ጋሽ ጥጋቡ። "አህያው ካልሄደ እማማ ሽታዬ አይነሱም፤ እማማ ሽታዬ ካልተነሱ ድንጋዩ አይመጣም፤ ድንጋዩ ካልመጣ ጎማው አይቆምም፤ ጎማው ካልቆመ ትርንጎ አትወርድም።"

"በየት በኩል ልሂድ?" አለ አህያ። "ፀጉር አስተካካዩ ወንበሩን መንገዴ ላይ አድርጎታል። ባለፈው ወንበር ገፍቼ ስንት ዱላ እንደበላሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ወንበሩ ካልተነሳ አልሄድም።"

አቶ ዳኜ በሩን ሌላ ስንዝር ገፋ አደረጉት።

ፀጉር አስተካካዩ ይትባረክ ይባላል። አንድ ደንበኛ አስቀምጦ ግማሽ ፊቱን ላጭቷል፤ ግማሹ ገና ሳሙና ነው።

"ይትባረክ፣ ወንበርህን አንሳልን" አሉ ጋሽ ጥጋቡ። "ወንበሩ ካልተነሳ አህያው አይሄድም፤ አህያው ካልሄደ እማማ ሽታዬ አይነሱም፤ እማማ ሽታዬ ካልተነሱ ድንጋዩ አይመጣም፤ ድንጋዩ ካልመጣ ጎማው አይቆምም፤ ጎማው ካልቆመ ትርንጎ አትወርድም።"

"የት ላድርገው ጋሼ?" አለ ይትባረክ ምላጩን እየጠረገ። "መስታወቴ ከተሰበረ ሁለት ሳምንት ሆነው። አሁን ገና ይሄ ጭነት መኪና መጥቶ ቢቆምልኝ በስፖኪዮው እየሠራሁ ነው። እሱ ካልሄደ ወንበሬን አላነሳም። እርስዎም እኮ ጢምዎ አድጓል፤ ዞረው ሲመጡ ጎራ ይበሉ።"

"ጎራ ማለቱ ነው የቸገረኝ" አሉ ጋሽ ጥጋቡ፤ አለፉ።

አቶ ዳኜ በሩን ሌላ ስንዝር ገፋ አደረጉት። ትርንጎ የቀረውን ክፍተት በዓይኗ ለካችው። አንድ ፍየል ያሳልፋል፤ ሁለት አያሳልፍም።

የጭነት መኪናው ሹፌር እንድሪስ ነው። ቲማቲም ጭኖ አደባባዩ መግቢያ ላይ ቆሟል። አገጩን መሪው ላይ አስደግፎ፣ የጋሽ ጥጋቡ መኪና በፊቱ ባለፈች ቁጥር በዓይኑ ይሸኛታል።

"እንድሪስ፣ ሂድልን" አሉ ጋሽ ጥጋቡ። ድምፃቸው መሻከር ጀምሯል። "ጭነት መኪናው ካልሄደ ወንበሩ አይነሳም፤ ወንበሩ ካልተነሳ አህያው አይሄድም፤ አህያው ካልሄደ እማማ ሽታዬ አይነሱም፤ እማማ ሽታዬ ካልተነሱ ድንጋዩ አይመጣም፤ ድንጋዩ ካልመጣ ጎማው አይቆምም፤ ጎማው ካልቆመ ትርንጎ አትወርድም።"

"ወዴት ልሂድ ጋሼ?" አለ እንድሪስ። "ሳጅን አዝመራ እጃቸውን ካላነሱ አልገባም። ባለፈው ሳይፈቀድልኝ ገብቼ መንጃ ፈቃዴን ሦስት ቀን ይዘውብኛል። ቲማቲሜ ፀሐይ ላይ ስልስ ሊሆን ነው፣ እሳቸው ግን እርስዎን ብቻ ነው የሚያዩት።"

"እኔን ምን አድርግ ብለው?"

"እሱን እሳቸውን ይጠይቁ። እኔ ቆሜ ነው ያለሁት።"

"ታድለህ" አሉ ጋሽ ጥጋቡ።

አቶ ዳኜ በሩን ሌላ ስንዝር ገፋ አደረጉት። አሁን ፍየሏም ብትሆን መክሳት አለባት።

ሳጅን አዝመራ የትራፊክ ፖሊስ ናቸው። አደባባዩ መሃል፣ ሲሚንቶ ክብ ላይ፣ ነጭ ጓንት አድርገው ቆመዋል። መኪናዋ ስትዞር እሳቸውም አብረው ይዞራሉ።

"ሳጅን፣ እጅዎን ያንሱልን" አሉ ጋሽ ጥጋቡ። ድምፃቸው አሁን የበር ማጠፊያ ሆኗል። "ሳጅን አዝመራ እጃቸውን ካላነሱ ጭነት መኪናው አይሄድም፤ ጭነት መኪናው ካልሄደ ወንበሩ አይነሳም፤ ወንበሩ ካልተነሳ አህያው አይሄድም፤ አህያው ካልሄደ እማማ ሽታዬ አይነሱም፤ እማማ ሽታዬ ካልተነሱ ድንጋዩ አይመጣም፤ ድንጋዩ ካልመጣ ጎማው አይቆምም፤ ጎማው ካልቆመ ትርንጎ አትወርድም።"

"አይቻልም" አሉ ሳጅን አዝመራ። "አደባባይ ውስጥ ያለ መኪና ቅድሚያ አለው። እርስዎ ውስጥ ነዎት። እርስዎ ሳይቆሙ ሌላ አላስገባም።"

"መቆም አልቻልኩም እኮ።"

"እንግዲያው ቅድሚያዎን ይጠቀሙበት።"

ጋሽ ጥጋቡ ነገሩን በልባቸው አዞሩት። ጎማው ካልቆመ ሳጅን አዝመራ እጃቸውን አያነሱም። ሳጅን አዝመራ እጃቸውን ካላነሱ ጭነት መኪናው አይሄድም፤ ጭነት መኪናው ካልሄደ ወንበሩ አይነሳም፤ ወንበሩ ካልተነሳ አህያው አይሄድም፤ አህያው ካልሄደ እማማ ሽታዬ አይነሱም፤ እማማ ሽታዬ ካልተነሱ ድንጋዩ አይመጣም፤ ድንጋዩ ካልመጣ ጎማው አይቆምም። ጎማው ካልቆመ ደግሞ ሳጅን አዝመራ እጃቸውን አያነሱም። ነገሩም እንደ መኪናዋ ዞሮ ዞሮ እዚያው መጣ። ይህንን ለመናገር አፋቸውን ቢከፍቱ ድምፃቸው ጨርሶ የለም። አልቋል፣ እንደ ፍሬኑ ሸራ።

አቶ ዳኜ በሩን ሌላ ስንዝር ገፋ አደረጉት። የቀረው ስንዝር አንድ ነው።

ትርንጎ በሩን አየችው። ጋሽ ጥጋቡን አየቻቸው። ጋሽ ጥጋቡ በእጃቸው "እንግዲህ አንቺው" የሚል ምልክት አሳዩዋት። ሌላ የሚናገር ሰው መኪናዋ ውስጥ የለም። መኪናዋ በባትሪዋ ስትሄድ ደግሞ ድምፅ የላትም፤ አህያው ሲያላምጥ እንኳን ይሰማል። ትርንጎ ግማሽ ድረስ ብቻ ወደሚወርደው መስኮት ተጠጋች። ጆሮዋ እስኪግል አፈረች። አንድ ዙር አፈረች። ከዚያ በኋላ የሚያፍሩበት ዙር አልቀረም።

"ሳጅን" አለች። "ተማሪ ነኝ፤ ልሻገር ነው።"

ሳጅን አዝመራ ግራና ቀኙን አዩ። "የት ነው ያለሽው?"

"መኪናው ውስጥ።"

"ከመኪናው ውስጥ ነው የምትሻገሪው?"

"አዎ። ወደዚያ በር።"

"ተማሪ መሆንሽን በምን አውቃለሁ?"

ትርንጎ የፈተና መግቢያ ካርዷን መስኮቱ ላይ ለጠፈችው። ሳጅን አዝመራ ግማሽ ዙር አብረው እየዞሩ አነበቡት። ፎቶውን አዩ፤ ፊቷን አዩ። ሌላውን ግማሽ ዙር አሰቡ።

"ልክ ነሽ" አሉ። "ተማሪ ሲሻገር አደባባዩ ይቆማል። አደባባዩ ሲቆም ለመግባት የሚጠብቀው መኪና ተራ ነው። ሕጉ እንደዚያ ነው።"

ፊሽካቸውን ነፉ። በአንድ እጃቸው አደባባዩን አስቆሙ።

ጋሽ ጥጋቡ ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ በሌለ ድምፃቸው "እኛ ግን አልቆምንም" አሉ።

"በሕግ ቆመዋል አባቴ" አሉ ሳጅን አዝመራ። "ዝም ብለው ይሂዱ።"

በሌላው እጃቸው እንድሪስን ጠሩት።

ሳጅን አዝመራ እጃቸውን ሲያነሱ ጭነት መኪናው ሄደ። ጭነት መኪናው ሲሄድ ስፖኪዮው አብሮ ሄደ፤ ይትባረክም ወንበሩን አነሳ። ደንበኛው "እኔስ?" እያለ ከነሳሙናው ተከተለው። ወንበሩ ሲነሳ አህያው ሄደ፤ በመንገዱ አንድ ጉንጭ ግብጦ ነጥቆ። አህያው ሲነጥቅ እማማ ሽታዬ ሊያባርሩት ተነሱ። እማማ ሽታዬ ሲነሱ ድንጋዩ ቁልቁል ተንከባለለ። ድንጋዩ ተንከባሎ ከጎማው ሥር ገባ። ጎማው ግጭ ብሎ ቆመ።

አህያውን አሳድደው የተመለሱት እማማ ሽታዬ የኋላውን በር ከውጭ ከፈቱት። "ውረጂ የኔ እናት። ሰው ለፈተና እንደዚህ አያረፍድም" አሉ።

ትርንጎ ወረደች።

መሮጥ አማራት። ግን ሳጅን አዝመራ እጃቸውን እንዳነሱ እያዩዋት ነው። ስለዚህ ዜብራው ድረስ ሄደች፣ ግራዋን አየች፣ ቀኟን አየች፣ ደግማ ግራዋን አየች፣ ተሻገረች። በሩ ጋ ስትደርስ የቀረው ክፍተት አንድ ስንዝር ብቻ ነበር። አቶ ዳኜ ሰዓታቸውን አዩ፣ ካርዷን አዩ፣ ውፍረቷን አዩ።

"በጎን ግቢ" አሏት።

በጎን ገባች። በሩ ከኋላዋ ተዘጋ።

እማማ ሽታዬ ግን መቀመጫ አጡ። ድንጋዩ ከጎማው ሥር ነው። ዞር ዞር ብለው አዩና የመኪናዋ ኮፈን ላይ ወጥተው ተቀመጡ፤ ሳህናቸውንም አጠገባቸው አደረጉ። ኮፈኑ ሞቅ ይላል፣ ከድንጋይ ይሻላል፣ አህያም አይደርስበትም። ጋሽ ጥጋቡ ከፊት መስታወቱ ኋላ አፋቸውን ከፍተው ብዙ ነገር ተናገሩ። አንድም አልተሰማም። እማማ ሽታዬ ግብጦ የጠየቁ መስሏቸው አንድ እፍኝ በመስኮቱ አቀበሏቸው።

ተረቴን መልሱ፤ ድንጋዩን ግን ከጎማው ሥር አታንሱ።