ዓሦቹን የለቀቀው ሰው

ኢድሪስ ልጄ፣ ለጥያቄህ ተረት ልንገርህ፤ አንድ ዓሣ አጥማጅ ነበረ። ሀብታም አይደለም፤ ችግረኛም አይባልም። በአገሩ ነፋስ የሚበረታበት ሁለት ወር አለ፤ ያኔ ጀልባ አይወጣም። ስለዚህ የዚያ አገር ሰው ባሕሩ ዳር ድንጋይ ክቦ በረት ይሠራል፤ ዓሣውን ከነሕይወቱ እዚያ ያኖረዋል፤ በነፋሱ ወር እያወጣ ልጆቹን ያበላል። ውሃው በድንጋዩ ስንጥቅ ይገባል፣ ይወጣል።

ሰውየው ጠዋት ጠዋት እጁን በረቱ ውስጥ ይነክራል። «እንደ ትናንቱ ነው» ይልና ይሄዳል። አባቱም እንዲሁ ነበር የሚያደርገው።

አንድ ዓመት ነፋሱ ሊገባ ሲል፣ ከብዙ ዘመን በፊት ወደ ደጋ የተዳረች እህቱ ልትጠይቀው መጣች። እግሯን ልትታጠብ ወደ በረቱ ወረደች፤ ነከረችና ወዲያው አወጣች።

«አንተ፣ ይህን ውሃ ማን ጣደው?»

«ምን ሆነሻል? እንደ ትናንቱ ነው።»

«ትናንትም እንደ ከትናንት ወዲያው ነበራ! እንዲህ እያልክ ነው የቀቀልካቸው። ቅመሙ ብቻ ነው የቀረህ፣ ወንድሜ።»

ሊስቅ አለና ተወው። ጎንበስ ብሎ አየ። ዓሦቹ አፋቸውን ወደ ላይ ከፍተው ትንፋሽ ይለምናሉ። አንዳንዶቹ በጎናቸው ተኝተዋል።

ቢያወጣቸው በአንድ ቀን ይበሰብሳሉ። ቢተዋቸው ይሞታሉ። ቢለቃቸው ልጆቹ ሁለት ወር ምን ይበላሉ? ብዙ ቆመ። በመጨረሻ «ይሂዱ፤ እነሱ ከተረፉ እኛም አንጠፋም» አለና የበሩን ድንጋይ በትከሻው ገፍቶ ጣለው።

ዓሦቹ ወጡ። ትንሽ ዋኙ። ከዚያ ቆሙ፤ እዚያው ከበሩ ውጭ፣ አፋቸውን እንደ ከፈቱ። ሰውየው እስከ ደረቱ ወደ ባሕሩ ገባ። ውሃው ከበረቱ አልተለየም። ዓሣ የሚጠለልበት ኮራል፣ ያ ድንጋይ ላይ እንደ ተክል የሚበቅለው፣ ቀይና ቢጫ የነበረው፣ ከእግሩ ሥር በሙቀቱ እንደ አጥንት ነጥቷል።

እህቱ ከዳር ሆና «ሄዱልህ?» አለችው።

ኢድሪስ፣ አንተ «ባሕሩ ቢሞቅ ዓሣው ለምን ወደሚቀዘቅዝበት አይሄድም?» ብለህ ጠየቅኸኝ። የቻለውማ ሄዷል፣ ልጄ፤ መረባችን ከማይደርስበት ጥልቅ ወርዷል። ድንጋይ ላይ የበቀለው፣ እንቁላሉን ዳር የሚጥለው፣ እሱ የት ይሂድ? ያ ሰውዬ እኛ ነን፤ ስንነቃ መሽቶብናል። በረት የሞቀበት ወደ ባሕር ይለቀቃል። ባሕር የሞቀበትን ወዴት ትለቀዋለህ? እኔ ከዚህ በላይ አላውቅም።