ለማን ነው «ውጪ» ያለው?

ምእመናን፣ አንድ እህል ነጋዴ ነበር። ቤቱ በጆንያ የተሞላ፣ ጆንያው በአይጥ የተበሳ። የጎረቤቱ የእትዬ ውድነሽ ድመት ሁለት ወልዳ ነበርና አንዷን ወሰደ። እህቷ እዚያው እናቷ ጋ ቀረች።

ሰውዬው አንድ ሕግ ነበረው፤ የታቀፈች ድመት አይጥ አትይዝም። ስለዚህ ስም እንኳ አላወጣላትም። እግሩን ስትታከከው በጫማው ይገፋታል፤ ጓዳ ሲያገኛት «ውጪ» ይላታል። የሰባት ዓመት ልጁ ትርንጎ ግን እየተደበቀች ታቅፋት ነበር።

አንድ ቀን ከነጠላዋ ሥር ሸሽጋት ሳለ ያዛቸው። «ውጪ» አለ።

ለማን ነው ያለው? ለድመቷ? ለልጅቱ? ቃሉ አይለይም፤ ሁለቱም ሴቶች ናቸው። ሁለቱም ወጡ።

ከዚያ ወዲህ የእትዬ ውድነሽ ድመት ሰው ጭን ላይ ስታንኮራፋ፣ የእሱ ድመት ቆርቆሮ ላይ ኖረች። አይጥ ያዘች ወይ? ያዘች። ያችኛዋም ትይዝ ነበር።

አሥራ አምስት ዓመት አለፈ። ሚስቱ ሞተች፤ እሱንም ወገቡ አልጋ ላይ ጣለው። ትርንጎ አግብታ ብትወጣም ምሳውን አስታጉላበት አታውቅም። ሳህኑን ታቀርብለትና ተመልሳ በሩ ላይ ትቆማለች፣ በልቶ እስኪጨርስ።

«ነይ፣ አጠገቤ ተቀመጪ» አላት አንድ ቀን፤ እንደ ልመና።

«እዚሁ ይሻለኛል፣ አባባ።»

አልተቆጣችም። ብትቆጣ እኮ ደግ ነበር፤ ለተቆጣ ሰው ይቅርታ ይባላል።

ሊጠይቁት ለመጡት እትዬ ውድነሽ አማረረ። ልጅቱ ከእናቷ ወገን የወረሰችው ቅዝቃዜ ነው አለ፤ ምን ይደረጋል፣ ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ።

እትዬ ውድነሽ ወደ ቆርቆሮው ቀና አሉ። «ዳምጤ፣ የእኔዪቱም ያንተዪቱም ድመት የአንድ እናት ልጆች ናቸው። አመሉን ታዲያ ማን ሰጣት?»

እኛ ብንጠየቅስ ምን እንል ነበር? እኛ ተረት አናጣም፤ የእጃችንን ሥራ ለተፈጥሮ የምናስታቅፍበት።

«ድመት የለኝም» የምትሉ፣ ስለ ድመት አልጠየቅኋችሁም። ዛሬ ቤት ስትደርሱ ልብሳችሁን የሚይዝ ትንሽ እጅ አለ። ስልካችሁን እያያችሁ ታስለቅቁታላችሁ። «እንዳይሞላቀቅ ነው» ትላላችሁ።

አይዟችሁ፣ አይሞላቀቅም። ስታረጁ ምሳችሁን በሰዓቱ ያመጣላችኋል። በር ላይ ቆሞም ይጠብቃችኋል።