ንብ እኩል ይካፈል የተባለ ዕለት

አንድ ቀን አንጓችና ባሏ ዘለለው ተፋቱ። ዳኛው ፍቺውን አጸደቀና፣ «ንብረታችሁን በሽማግሌ ተካፍላችሁ ውጤቱን አምጡልኝ» ብሎ ሸኛቸው። ሽማግሌ ሆነው አባ ተገኘ መጡ። ጎረቤቱም ሥራውን ትቶ አጥር ላይ ተደረደረ።

ቀበሌ ውስጥ የሕግ ትምህርት ሲሰጥ ዘለለው በር ላይ ቆሞ አንድ ነገር ሰምቷል፤ ከጋብቻ በፊት የነበረ ንብረት የግል ነው የሚለውን። የቀረውን ሳይሰማ ወደ አረቄ ቤት ሄደ።

«እሺ፣ ላሟስ?» አሉ አባ ተገኘ።

«ከጋብቻ በፊት!»

«ጥጃዋስ?»

«እናቷ ከጋብቻ በፊት!»

«ቤቱን እንኳ አብረን ነው የሠራነው» አለች አንጓች።

«ቤቱን አብረን ሠራነው። ጭቃው ግን ከጋብቻ በፊት የነበረ ነው!»

«አንተ ሰውዬ፣ እኔም እኮ ከጋብቻህ በፊት ነበርሁ፤ እኔንም ውሰደኛ!» ብለው ጮሁበት አባ ተገኘ። አጥሩ በሳቅ ተነቃነቀ።

ላሟ የሱ፣ ጥጃዋና ቤቱ የጋራ ተባለ። አንጓች ግን ዓይኗ ከጓሮ ካሉት ቀፎዎች ላይ አልተነሣም። ከእንግዲህ ብቻዋን ኑሮ የምትገፋው በማሩ ነው። ንቡ እንዲረጋ ቀፎውን የምታጨሰው እሷ፣ ማሩን የምትቆርጠው እሷ። ዘለለው ማሩን እንጂ ንቡን አያውቅም።

«ቀፎዎቹ ከጋብቻ በፊት!» አለ ዘለለው።

«ባዶ ቀፎ ነው ያመጣኸው» አለች። «ንቡ የገባው እኔ ከመጣሁ በኋላ ነው።»

«ልክ ናት። ንቡ የጋራ ነው» ብለው ፈረዱ አባ ተገኘ።

ዘለለው እንዴት አድርጎ እንደሚያበላሽባት አሰበና ፈገግ አለ። «የጋራ ከሆነ ይካፈላ! እኩል ለእኩል፣ አንዲት ንብ እንዳትበልጥ። ለይታችሁ ካልሰጣችሁኝ ከዚህ ግቢ ንብ አይወጣም።»

አባ ተገኘ ጺማቸውን ያዙ። «አሁን ይሄን ማን ይለያል?»

አንጓች የቀድሞ ባሏን አየት አደረገችው። ዛሬ ሙግት አለብኝ ብሎ በማለዳ አረቄውን ግጥም አድርጓል፤ ሽታው ከሩቅ ይጣራል። ንብን ደግሞ የአረቄ ሽታ ያሳብደዋል።

«አባቴ፣ እሱ ቀላል ነው» አለች። «ዘለለው ራሱ ቀፎውን ያለ ጭስ ይክፈተው። ወጥታ ዝም ያለችው የሱ ትሁን፤ የነደፈችው የኔ ናት።»

አጥር ላይ የነበረው ሰው ቀስ እያለ መውረድ ጀመረ።

«ምነው፣ ፈራህ እንዴ?» አለው አንዱ እየወረደ።

«እኔ? የገዛ ንቤን?» አለና ዘለለው የቀፎውን ክዳን ብድግ አደረገው።

ከዚያ ወዲያ ሰው ያየው ጀርባውን ነው። ጋቢውን ጥሎ፣ የጎመኑን መደብ ደርምሶ፣ እየጮኸ ወረደና ወንዙ ውስጥ ተነከረ። ትንፋሽ ሊስብ ብቅ ባለ ቁጥር ንቦቹ ይጠብቁታል።

አባ ተገኘ ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው ከአጥሩ ሥር ተጣሩ፦

«አንጓች ልጄ! ክፍፍሉ እንዴት ሆነ?»

«ገና ነው አባቴ» አለች አንጓች ወደ ወንዙ እያየች፣ «እስካሁን የሱ የምትባል አልወጣችም።»